ሁለመናን እያመመ በምርመራ የማይታየው፦ ፋይብሮማያልጂያ

የምርመራ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ይዘው ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞሩ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ባሕር ዳርም አላጣቻቸውም። ፌስታሉ ውስጥ የደም ውጤት አለ። የሽንት ውጤት አለ። የወገብ ራጅ አለ። አቅም ያለው ሰው ደግሞ ኤምአርአይ ጨምሮበታል። ሁሉም «ደህና ነው» ይላል። ባለቤቱ ግን ደህና አይደለም። አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ክንድ፤ ዛሬ አንዱ ይብሳል፣ ነገ ሌላው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያድርና ጠዋት ሲነሳ ሲደበደብ ያደረ ይመስለዋል።

እስከዚያ ድረስ ሕመሙ ብዙ ስም ወጥቶለታል። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይባላል። በተለይ ጣና ላይ ጎህ ሳይቀድ መረብ ለሚጥል ዓሣ አስጋሪ ከዚህ ሌላ ማብራሪያ የሚሰጠው የለም። ቀጥሎ ታይፎይድና ታይፈስ ይመጣል። ወገቡን ካለ «ኩላሊት»፣ ጉልበቱን ካለ «ሪህ»። ሁሉም ተሞክሮ ሲያልቅ «ነርቭ ነው» ተብሎ ይዘጋል።

ታይፎይድን በተመለከተ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በየክሊኒኩ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ታይፎይድ ድሮ ይዞት የዳነውን ሰው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያልያዘውን፣ «ፖዘቲቭ» ሊለው ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት የሌለው ሰው ሰውነቱን ባመመው ቁጥር አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስለዋል። ከዚያ ያው ነው።

ፋይብሮማያልጂያ የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ሕመም አይገልጽም። የአንዳንዶቹን ግን ቁልጭ አድርጎ ይገልጻል። በዓለም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ሰው ከ2 እስከ 4 የሚሆነው ይህ ሕመም አለበት ተብሎ ይገመታል። ሴቶች ይበዛሉ። ወንዶችም ሕፃናትም ግን ይይዛቸዋል።

በድሮ ጊዜ ሐኪሞች ችግሩ ጡንቻን የሸፈነው ስስ አካል መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋወርስ እ.ኤ.አ. በ1904 ስም ያወጣለትም በዚሁ እምነት ነው። በኋላ ጡንቻው በአጉሊ መነጽር ሲታይ የተባለው መቆጣት አልተገኘም። ስሙም ተቀየረ። የሚገርመው ግን ዛሬም ለዚህ ሰው በየፋርማሲው የሚሸጥለት ክኒንና መርፌ በአብዛኛው የመቆጣት መድኃኒት መሆኑ ነው። ሳይንሱ ትቶት የሄደውን መንገድ ፋርማሲው አልለቀቀውም።

ታዲያ ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ጣታችንን ምጣድ ሲያቃጥለን ሕመሙ ያለው ጣታችን ላይ ይመስለናል። ነገሩ ከዚያ ረዘም ይላል። ጣት ላይ ያሉ ነርቮች መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። «አመመኝ» የሚያሰኘው አንጎል ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ መልእክቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ አሠራር አለ። ኳስ ሲጫወት እግሩ የደማ ልጅ መድማቱን የሚያውቀው ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሆነው ለዚህ ነው። አንጎሉ ለጊዜው ዝቅ አድርጎለታል።

ፋይብሮማያልጂያ ያለበት ሰው ላይ ይህ አሠራር ከፍ እንዳለ ይቀራል። ሰርግ ቤት ድንኳን ውስጥ ማይክሮፎኑ ከልክ በላይ ሲከፈት እናውቃለን። የተናጋሪው ትንፋሽ ሳይቀር ይጮኻል። ሰውየው አልጮኸም። ማይኩም አልተሰበረም። ማጉያው ነው። ራጅና ኤምአርአይ የሚያዩት ማይኩን ነው፤ አጥንትን፣ ዲስክን፣ መገጣጠሚያን። የማጉያውን ልክ አያነቡም። ለዚህ ነው ወረቀቱ «ደህና» የሚለው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የሰዎችን አውራ ጣት ቀስ እያሉ እየተጫኑ አንጎላቸውን በልዩ ኤምአርአይ ተመለከቱ። ጤነኞቹ መጠነኛ ሕመም እንዲሰማቸው ወደ 4 ኪሎ የሚደርስ ጫና አስፈለገ። ፋይብሮማያልጂያ ያለባቸው ሰዎች ጋር ግን 2 ኪሎ ተኩል እንኳ ሳይሞላ ያው ሕመም ተሰማቸው። ዋናው ነገር አንጎላቸው ያሳየው ነው። በትንሹ ጫና የታማሚዎቹ አንጎል የተቀሰቀሰባቸው ቦታዎች፣ በአብዛኛው ጤነኞቹ በትልቁ ጫና ሲያማቸው የተቀሰቀሱት ቦታዎች ነበሩ። ማስመሰል ቢሆን አንጎል እንዲህ አያደርግም።

ከዚያ በፊትም በታማሚዎች ህብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያስተላልፍ አንድ ንጥረ ነገር ከጤነኛ ሰው በሦስት እጥፍ ገደማ በዝቶ ተገኝቷል። ቆይቶም በአንዳንድ ታማሚዎች ቆዳ ላይ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ጫፎች ሳስተው ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከታማሚዎች ደም የተወሰደ የመከላከያ ፕሮቲን (አንቲቦዲ) አይጦች ላይ ሲወጋ አይጦቹ ለጫናና ለቅዝቃዜ ስስ ሆኑ። ይህ ግኝት ብዙ ተስፋ ቀስቅሷል። ወደ ሕክምና ግን ገና አልተለወጠም። አንድ ሰው «የፋይብሮማያልጂያ የደም ምርመራ አለኝ» ቢልዎት ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩ።

እንቅልፍን ብቻውን ማንሳት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካናዳ ውስጥ ጤነኛ ሰዎች ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ በድምፅ እየተረበሹ እንዲያድሩ ተደረገ። ሙሉ በሙሉ አልነቁም፤ ጥልቁ እንቅልፍ ብቻ ተነጠቁ። በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ጡንቻቸው መታመምና ሲነካ መጎዳት ጀመረ። እንቅልፉ ሲመለስላቸው ሕመሙም ለቀቃቸው። ፋይብሮማያልጂያ ያለበት ሰው ከዚህ የከፋ አዙሪት ውስጥ ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሕመሙን ያብሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በክልላችን የተኩስ ድምፅ እየሰማ ያደረ ሰው ይህንን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም።

መነሻው አንድ አይደለም። የዘር ዝንባሌ አለበት፤ እናቱ ወይም እህቱ ሕመሙ ካለባት ሰው ላይ የመታየት ዕድሉ ይጨምራል። አንዳንዱን ከመኪና አደጋ በኋላ ይጀምረዋል። አንዳንዱን ከከባድ ኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከረዥም ሐዘን በኋላ። ብዙዎቹ ግን «ይህን ጊዜ ጀመረኝ» የሚሉት ቀን የላቸውም።

ሰውነት ላይ ምን ይመስላል?

ሕመሙ ቦታ ይቀያይራል። ይቆረጥማል፣ ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ይደነዝዛል። ልጅ ሮጦ መጥቶ ሲያቅፍ ያማል። የነጠላ ጥለት ወይም የጡት መያዣ ማሰሪያ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ያማል። ጠዋት ሰውነት ተገትሮ ይነሳል፣ እስኪፍታታ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ድካሙ ደግሞ ሥራ ከሠሩ በኋላ የሚመጣው ድካም አይደለም። አረፍ ቢሉበት አይለቅም። ሐሳብ ይበታተናል። ድስት ጥዶ መርሳት፣ የጀመሩትን ወሬ መሐል ላይ ማጣት፣ የሚያውቁት ሰው ስም አፍ ላይ ሆኖ አልወጣ ማለት ይመጣል። በዚህ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። «አእምሮዬን ልስት ነው?» ይላሉ። አይደለም፤ የሕመሙ አካል ነው። ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋትና ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ የእግር እረፍት ማጣት አብረው ይመጣሉ። ማጉያው ሕመምን ብቻ አያጎላምና ኃይለኛ ብርሃን፣ የመኪና ጥሩንባ፣ ሽቶ፣ ብርድም ይከብዳል። ስለዚህ «ብርድ ነው» ያሉት ሰዎች ጨርሰው አልተሳሳቱም። ብርድ በሽታውን አያመጣም፤ ያለውን ግን ይቆሰቁሳል።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ፋይብሮማያልጂያ መገጣጠሚያ አያፈርስም። ሽባ አያደርግም። ወደ ካንሰር አይለወጥም። አይተላለፍም። ይህንን ከሐኪም አፍ መስማት ብቻውን ሕመሙን የሚያቀልለት ሰው አለ፤ የፍርሃቱ ሸክም ይወርድለታልና።

እንዴት ይታወቃል?

በደም ወይም በራጅ አይታወቅም። በመጠየቅና በመመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው መመዘኛ በሰውነት ላይ 18 ቦታዎችን በጣት መጫንን ይጠይቅ ነበር። ከእነሱ 11ዱ ካመሙ ፋይብሮማያልጂያ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2016 የተሻሻለው መመዘኛ ይህን ትቶታል። አሁን የሚጠየቀው ሕመሙ ስንት የሰውነት ክፍል ላይ እንዳለ፣ ድካሙ፣ እንቅልፉና ሐሳብ መበታተኑ ምን ያህል እንደከበደ፣ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየቱ ነው። ሰውነት በአምስት ተከፍሎ ሕመሙ ቢያንስ አራቱ ላይ መኖር አለበት። ወገብን ብቻ ካመመ ሌላ ነገር ነው።

ሐኪሙ በተጓዳኝ የሚመስሉትን ያጣራል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ ተመሳሳይ ድካምና ሕመም ያመጣል። የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ የመገጣጠሚያ ቁጣ፣ የጉበት ቫይረስም እንዲሁ። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚመጣ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። እነዚህን ለማየት ጥቂት የደም ምርመራ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የፌስታሉ ክምር ብዙውን ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ሕመም ፋይብሮማያልጂያ ነው ማለት አይደለም። ትኩሳት ካለ፣ ሌሊት የሚያጠልቅ ላብ ካለ፣ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ፣ መገጣጠሚያ አብጦ ከቀላ፣ እግር ከሰነፈ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ፣ አከርካሪ ላይ አንድ ቦታ ለይቶ ካመመ ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ያስፈልጋል። የአከርካሪ ቲቢ በሀገራችን ያለ በሽታ ነው። ፋይብሮማያልጂያ አለብህ የተባለ ሰውም ከሌላ በሽታ አይከለልም፤ አዲስ ነገር ከመጣ እንደ አዲስ ይመርመር።

የማይታይ ሕመም ይዞ ሰው መሐል መኖር

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የፋይብሮማያልጂያ ታማሚ ችግር ተቃራኒው ነው። አልደበቀችም። ተናግራለች። ያመናት ግን የለም።

እግሩ በጀሶ የታሰረ ሰው አውቶቡስ ላይ ወንበር ይለቀቅለታል። ይህቺ ሴት ግን ፊቷ ደህና ነው። ቅዳሜ ገበያ ታይታለች። እሁድ ለቅሶ ስትቀር ጎረቤቷ «እታለም፣ ትናንት ገበያ አይቼሽ አልነበር? ዛሬ ምን ሆንሽ?» ትላታለች። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ግን መልስ የለውም። ገበያ የሄደችበት ዋጋ ነው ዛሬ የሚከፈለው ብላ ማን ይረዳታል? አማቷ ደግሞ «እኛ ወልደን ሳንጠነክር ነበር ወፍጮ የምንፈጨው» ትላለች። ባል መጀመሪያ ያዝናል፣ ያሳክማል፣ ገንዘብ ያወጣል። ወረቀቱ ሁሉ «ደህና» ሲል እሱም ዝም ይላል። ዝምታው ከሁሉም ይከብዳል።

ቀስ በቀስ ታማሚው ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። «ምናልባት ሰነፍ ሆኜ ይሆን?» ይላል። ጥሪ ይቀራል። ቡና መጠራራት ይቀራል። እድር ላይ ቅጣት ይቆጠርበታል። ስለ ሕመሙ ማውራት ያቆማል፤ ሆድ ይፍጀው ይላል። ብቸኝነቱ ደግሞ ሕመሙን መልሶ ያጎላዋል።

ወንዶች ላይ ሌላ መልክ አለው። ቀኑን ሙሉ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የሚውል የባጃጅ ሹፌር አንገቱና ትከሻው ተያይዞ ቢያድር «ሥራው ነው» ይላል። ወንድ ልጅ ሁለመናዬን አመመኝ አይልም። ይነጫነጫል፣ ይጠጣል፣ ወይም ለማነቃቃት ብሎ ጫት ይይዛል። ጫቱ ያለችውንም እንቅልፍ ይወስዳታል። ወንዶች ዘግይተው ሐኪም ጋ የሚደርሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ድባቴና ጭንቀት ከፋይብሮማያልጂያ ጋር በብዛት አብረው ይገኛሉ። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይፈጸማል። አንደኛው «ሕመሙ የመጣው ከጭንቀት ነው፣ አትጨነቂ» ማለት ነው። ዓመታት እያመመው እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢጨነቅ ምን ይገርማል? ሁለተኛው ደግሞ ድባቴውን መካድ ነው። «አእምሮዬ ደህና ነው፣ የሚያመኝ ሰውነቴ ነው» ይላሉ ብዙዎች፤ እብድ እንዳይባሉ ፈርተው። ሕመምንና ስሜትን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች የተጎራበቱ ናቸው። አንዱ ሲታከም ሌላውም ይቀለዋል። ኑሮ የሚያስጠላ፣ ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ግን ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ተናግሮ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ደግሞ ምክንያት ይፈለግለታል። ቡዳ ነው፣ መተት ነው፣ የሰው ዓይን ነው። ይህ ሐሳብ ከተዘራ ሕመሙ ላይ ጠላት ይጨመርበታል። ታማሚዋ ማንን እንደምትጠረጥር ማሰብ ስትጀምር የቀሯት ሁለት ጎረቤቶችም ይሄዱባታል።

ጠበል የሚሄድ ሰው ይሂድ። ጸሎት፣ ማረፍ፣ ከሚያዝን ሰው ጋር መዋል ለብዙዎች እውነተኛ እፎይታ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ ይባል። የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ለጠበል ተብሎ አይቋረጥ። ማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ ለረዥም ጊዜ መቆም ሕመሙን ሊቆሰቁስ ስለሚችል ልክ ይኑረው። በሁዳዴ ስግደትና በረዥም ቅዳሴ መቆም የሚያሰቃየው ሰውም ለንስሐ አባቱ ይንገር። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሥርዓት አላት። ራስን አስገድዶ ሰግዶ ሳምንት መተኛት ግን ማንም ያዘዘው አይደለም።

ምን ይረዳል?

ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም። የሚያሻሽለው ግን አለ፤ ከሚጠበቀውም በላይ። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም) ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ውስጥ በጠንካራ ማስረጃ «ይደረግ» የተባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቅስቃሴ። ክኒን አይደለም።

ለሚያመው ሰው «ተንቀሳቀስ» ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ብዙዎቹ ሞክረውት ብሶባቸዋል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። በጣም ከትንሽ መጀመር አለበት። ባሕር ዳር ለዚህ የተመቸች ናት። ሜዳ ናት። ዳገት የለባትም። በጣና ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ጥላ ጥላውን ይዞ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ መራመድ ጥሩ ጅማሬ ነው። በማግስቱ ሕመሙ ትንሽ ቢጨምር አይደንቅም። ሁለትና ሦስት ቀን ከጣለ በዝቷል፤ ይቀነስ። ካልጣለ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ጥቂት ደቂቃ ይጨመር። ዘላቂው ግብ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። እዚያ ለመድረስ ወራት ቢፈጅ ምንም አይደለም። ብስክሌት የለመደ ሰው አስፋልቱ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ይችላል። በሌላው ዓለም በሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ መንቀሳቀስ ይመከራል። ጣና ግን ያንን አይተካም። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ ውሃውም ሙቅ አይደለም።

ከእንቅስቃሴው እኩል የሚያስፈልገው ሥራን መከፋፈል ነው። ይህን በእንጀራ እንየው። እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት እናስብ። ጥሩ ቀን ሲመጣላት ያልሠራችውን ሁሉ ለማካካስ ትነሳለች። ሊጡን በአንድ ጊዜ ታቦካለች። ስልሳውን እንጀራ ሳትቀመጥ ትጋግራለች። ልብሱንም ታጥባለች። ማግስቱንና ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት ትተኛለች። ደግሞ ጥሩ ቀን ይመጣል፣ ደግሞ ያው። ትከሻዋን የሚጨርሳት ማፍሰሱ አይደለም፤ አክንባሎውን ስልሳ ጊዜ ማንሳትና መክደኑ ነው።

መፍትሔው ሥራ መተው አይደለም። ከባዱን አክንባሎ በቀላል የአሉሚኒየም ክዳን መቀየር ነው። ምጣዱን ክንዷን ሳታነሳ በምትደርስበት ቁመት ማድረግ ነው። ማቡካቱን ለልጇ ወይም ለሚያግዛት ሰው መስጠት ነው። ሃያ ጋግራ መቀመጥ፣ ሻይ መጠጣት፣ እንደገና ሃያ መጋገር ነው። ዋናው ብልሃት እረፍቱ በሰዓት መሆኑ ላይ ነው። «ሲያመኝ አርፋለሁ» ካለች አልፎባታል። ሳያማት ትረፍ። በመጥፎ ቀንም ጨርሳ አትተኛ፤ አሥርም ቢሆን ትጋግር። ጥሩውም መጥፎውም ቀን እየተቀራረበ ሲመጣ መሻሻሉ ይታያል።

እድር ላይም ያው ነው። ድንኳን መትከልና ወንበር መሸከም የማይችል ሰው መዝገብ መያዝ ይችላል። ቆማ ወጥ ማማሰል የከበዳት ሴት ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ይህ እንዲሆን ግን ሰብሳቢው ማወቅ አለበት። የሐኪም ወረቀት ያግዛል። አንድ ደፋር የቤተሰብ አባል ቢናገርላት ደግሞ ከወረቀት ይበልጣል።

ለእንቅልፍ ቀላሉ እርምጃ ቡናው ላይ ነው። ቡና ይቅር አይባልም፤ እዚህ ሀገር እንዲህ ያለ ምክር የሚሰማ የለም። ግን ማታ ሦስተኛውን ስኒ ጨርሶ እንቅልፍ መጠበቅ አይሆንም። እስከ ቀትር ይጠጣ። የመኝታና የመነሻ ሰዓት አንድ ይሁን፣ እሁድም ቢሆን። ቀን ላይ ረዥም እንቅልፍ አይተኛ።

ወጌሻም ይነሳ እንጂ። በቅቤ ቀስ ብሎ ማሸት ለብዙዎች ይመቻል። እያስጮኸ የሚያሽ ግን ማጉያውን ይጨምረዋል። «ካላመመ አይድንም» የሚለው እዚህ አይሠራም።

መድኃኒቶቹ

መጀመሪያ የማይሠሩት። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለፋይብሮማያልጂያ እምብዛም አይረዱም፣ የሚቀንሱት መቆጣት የለምና። በብዛት ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። «ኩላሊቴን ነው» ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚወጋ ሰው ጤነኛውን ኩላሊት እየጎዳ ሊሆን ይችላል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞንም አይጠቅሙም። እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ ማስታገሻዎች ሱስ ያስይዛሉ፣ ሲቆዩም ሕመሙን ሊያብሱ ይችላሉ። ትራማዶል ለአንዳንዱ ለአጭር ጊዜ ቢረዳም በሐኪም እንጂ በራስ አይወሰድም።

የሚረዱት ነርቭ ላይ የሚሠሩት ናቸው። በእኛ አገር ርካሹና በቀላሉ የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን ነው። ብዙ ሰው ማብራሪያ ወረቀቱን ያነብና «የድባቴ መድኃኒት ሰጡኝ፣ አላመኑኝም ማለት ነው» ብሎ ይጥለዋል። መድኃኒቱ ለድባቴ ሲሰጥ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ75 ሚሊ ግራም በላይ ነው። ለዚህ ሕመም ግን ማታ ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ይጀመራል። የሚፈለገው እንቅልፉን ማጥለቁና ማጉያውን ዝቅ ማድረጉ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት ያፈዛል። ከመኝታ ሰዓት ቀደም ብሎ መውሰድ ፍዘቱን ይቀንሰዋል። የልብ ምት ችግር፣ የዓይን ግፊት ወይም የሽንት መቸገር ያለበት ሰው፣ ያረገዘችም ሴት፣ አስቀድመው ይንገሩ። ውጤቱ ሳምንታት ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው የብዙዎች ታሪክ ነው።

ፕሪጋባሊንና ዱሎክሴቲን የሚባሉም አሉ። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ለዚህ ሕመም ፈቅዷቸዋል። የአውሮፓው ግን ጥቅማቸው በቂ አይደለም ብሎ አልፈቀደም። ሁለቱም ያዩት ተመሳሳይ ጥናት ነው ማለት ይቻላል። ይህ ራሱ ይነግረናል፤ ለአንዳንዱ በጣም ይረዳሉ፣ ለብዙው መጠነኛ ናቸው። ክኒኑ መራመዱን የሚያስችል ከሆነ ሥራውን ሠርቷል።

የሐሳብና የባሕርይ ምክክር ሕክምናም ይረዳል። ሕመሙን አያስወግድም። «ይህ ነገር ይገድለኛል» የሚለውን ፍርሃት ግን ይሰብራል።

የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት በአገራችን ጥቂት ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን ይህን ማየት ይችላል፤ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል አላቸው። ሲሄዱ ፌስታሉን እንዳለ ይዘው አይሂዱ። ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ያስተካክሏቸው፤ የተደጋገመ ምርመራ እንዳይታዘዝ ይረዳል። ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ደብተር ላይ ይጻፉ፦ ዛሬ የት የት አመመኝ፣ እንዴት አደርኩ፣ ምን ሠራሁ፣ ምን ወሰድኩ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ሐሳብ ይበታተናልና የሚያግዝዎት ሰው አብሮዎት ይግባ። ቢቻል ያላመነዎት ይሁን፤ ባል፣ ሚስት፣ አማት። ማብራሪያውን ከሐኪሙ አፍ በጆሮው ይስማው። ምርመራው ደህና ነው ተብለው ሊሸኙ ሲሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ፋይብሮማያልጂያ ሊሆን ይችላል ወይ?»